ከመፍታት በፊት መለካት፦ ስለ አንድ አሮጌ ፒካፕ ንዝረት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ስለ ጥገና ምሕንድስና አንድ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ኃይል ማመንጫ ወይም ስለ ታላቅ ፋብሪካ እንድናገር የሚጠብቁ ብዙዎች እንደሚኖሩ አላጣሁትም። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚያ ያነሰ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም አንድ አሮጌ ፒካፕ በመንገድ ላይ ሲሄድ ስለሚያሳየው ንዝረት፣ የንዝረቱ ምንጭ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝና እንዴት እንደሚታረም ነው።

ለዚህ ምርጫዬ ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ በአገራችን አንድ ተሽከርካሪ የሚያገለግልበት ዕድሜ በሌላ አገር ከሚታሰብለት እጅግ የረዘመ መሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ተፈታትቶ ብረቱ ይሸጥ የነበረ ፒካፕ፣ እኛ ዘንድ የውኃ ፓምፕ ጠጋኞችን፣ የእንስሳት ሐኪሞችንና ምርጥ ዘርን ተሸክሞ ገጠር ለገጠር ይውላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። ሁለተኛው ምክንያት፣ ንዝረት ከተሽከርካሪ ሕመሞች ሁሉ ይልቅ በግምት የሚታከም መሆኑ ነው። ጎማ ይለወጣል፤ ንዝረቱ አይጠፋም። ክሮቼራ ይለወጣል፤ አይጠፋም። በመጨረሻ ባለንብረቱ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም ጨርሶ «አሮጌ መኪና እንዲህ ነው» በሚል ቃል ይጽናናል።

በንግግሬ ውስጥ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ የሚሉትን ቃላት እንዳሉ እጠቀምባቸዋለሁ። እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ቢሆኑም በጋራዦቻችን ሥር ሰድደው የእኛው ሆነዋል፤ መሐንዲሱና መካኒኩ በአንድ ቋንቋ ካልተነጋገሩም ከሁለቱ አንዱ የሚያውቀው ነገር ሳይሠራበት ይቀራል። ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያደርሰውን ረዥም ዘንግ የካርዳን ዘንግ እለዋለሁ።

1. ንዝረት የሚሰጠን ምልክት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ተረት። ተሽከርካሪ በሽታውን አይደብቅም፤ ችግሩ የሚነግረንን ለመስማት ጊዜ አለመስጠታችን ነው። ስለሆነም አንድም ቡሎን ሳይፈታ መመለስ ያለባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው፣ ንዝረቱ የሚሰማው የት ነው? የሚለው ነው። መሪው በእጅ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ነገሩ በአብዛኛው ከፊት ጎማዎች ወይም ከፊት መገጣጠሚያዎች ነው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና የጋቢናው ወለል ከተንቀጠቀጡ ግን ዓይናችንን ወደ ኋላ እንመልሳለን። ሁለተኛው፣ ንዝረቱ የሚከተለው የመንገዱን ፍጥነት ነው ወይስ የሞተሩን ዙር? በአንድ ፍጥነት እየሄዱ ማርሽ መለወጥ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ የሞተሩ ዙር ሲለወጥ ንዝረቱ ባለበት ከቆየ ሞተሩ ነፃ ነው። ሦስተኛው፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ልዩነት አለውን? ልዩነት ካለው ኃይል በሚያልፍባቸው ክፍሎች ላይ ጥርጣሬው ይጸናል። አራተኛው፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ነውን? እንዲህ ከሆነ ታምቡሩ ወይም ዲስኩ ክብነቱን ወይም ልሙጥነቱን አጥቷል ማለት ነው።

ማርሹን ነፃ አድርጎ መንሸራተትም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ይህ ሙከራ የሚደረገው ተሽከርካሪና እግረኛ በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሞተሩ ፈጽሞ መጥፋት የለበትም። ሞተሩ ከጠፋ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይል ይጓደላል፤ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። በቁልቁለት ላይ ይህን ሙከራ ማድረግ በሕይወት መቀለድ ነው።

2. የሚዞሩ አካላት ሒሳብ

በተሽከርካሪ ውስጥ የሚዞር አካል ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር ለማወቅ የሚያስፈልጉን ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የጎማው ዙሪያ፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ምጥጥንና የካምቢዮው ምጥጥን ናቸው።

የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1 የሆነ ፒካፕ እንውሰድ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22.2 ሜትር ነው። ይህ ለ2.2 ሲካፈል ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። የካርዳን ዘንጉ ከዚህ 4.1 ጊዜ ስለሚበልጥ በሰከንድ 41 ጊዜ ይዞራል። በአምስተኛ ማርሽ፣ ምጥጥኑ 0.85 ቢሆን፣ የሞተሩ ክራንክ ዘንግ በሰከንድ 35 ጊዜ ይዞራል፤ በአራት ምት የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያቃጥል የማቃጠሉ ድግግሞሽ በሰከንድ 70 ይሆናል። ክሮቼራ ደግሞ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደምገልጸው፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚገፋ በሰከንድ 83 ጊዜ ያነዝራል።

እንግዲህ በሰከንድ 10፣ 41፣ 70 እና 83 የተለያዩ አራት ድምፆች ናቸው። 10 የሆነውን ሰውነት አንድ በአንድ ሊቆጥረው ይቃረባል፤ 83 የሆነው ግን እንደ ወፍጮ ጉምጉምታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አራተኛው ማርሽ በብዙ ካምቢዮዎች አንድ ለአንድ ስለሆነ ክራንክ ዘንጉና የካርዳን ዘንጉ እኩል ይዞራሉ፤ በዚህም ጊዜ የሞተሩ ማቃጠልና የክሮቼራው ግፊት ሁለቱም 83 ላይ ይገጣጠማሉ። በአራተኛ ማርሽ ብቻ የፈተነ ሰው ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ፈተናው በአምስተኛም በሦስተኛም ማርሽ መደረግ ይኖርበታል።

ያልተመጣጠነ ክብደት የሚያመጣው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስንወጣ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በቸርኬ ላይ ከመካከሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 30 ግራም፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 24 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳድራል። ያው 30 ግራም የደረቀ ጭቃ ሆኖ በካርዳን ዘንግ ላይ፣ ከመካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢለጠፍ ግን ኃይሉ 80 ኒውተን ይደርሳል። ከጭቃ መንገድ ለተመለሰ ፒካፕ የመጀመሪያው ጥገና ዘንጉን በውኃና በብሩሽ ማጠብ የሆነው ስለዚህ ነው።

3. አንድ ምሳሌ

በ2015 ዓ.ም. የአንድ የገጠር ውኃ ሥራ ጽሕፈት ቤት ፒካፕ ለምርመራ ቀረበልኝ። መኪናው ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ የኋላ አክስሉ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነበር። የእጅ ፓምፕ ጠጋኞችንና መለዋወጫቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የሚያደርስ ሌላ መኪና ስላልነበረ፣ እርሱ በቆመ ቁጥር የተበላሹ ጉድጓዶችም ሳይጠገኑ ይቆዩ ነበር።

ንዝረቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ በ80 ይበረታል፤ ከ95 በላይ ለስለስ ይላል። ከእኔ በፊት የጎማዎቹ ባላንስ ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል፤ የካምቢዮው የኋላ ኩሽኔታ ተለውጧል፤ የኋላው ክሮቼራ በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ታድሷል። ቀጥሎ የታሰበው ዲፈረንሻሉን በሙሉ መለወጥ፣ ይህ ካልሆነም መኪናውን በጨረታ መሸጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዬ ሾፌሩን ማነጋገር ሆነ። ሾፌሩ ሁለት ነገሮች ነገረኝ። አንደኛው፣ «ዕቃ ሲጫን ይታገሣል፤ ባዶውን ሲሆን ይብሳል» የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ንዝረቱ የጀመረው ባሌስትራው ከተለወጠ ወዲህ እንደ ሆነ ነው። የተሽከርካሪውን መዝገብ ስናገላብጥም በእርግጥ የኋላው ባሌስትራ የተለወጠበት ቀን ተጽፎ፣ የመጀመሪያው አቤቱታ የቀረበው ከዚያ ሦስት ሳምንት በኋላ ሆኖ ተገኘ።

በመንገድ ፈተናው መሪው ጸጥ ያለ ነበር፤ የሚንቀጠቀጡት ወንበሩ፣ የማርሽ ዘንጉና የኋላ ማሳያው መስተዋት ነበሩ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሦስተኛም በአምስተኛም ማርሽ ንዝረቱ አንድ ዓይነት ነበር። ነዳጅ ሲለቀቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 2100 ዙር ሲነሣ ምንም አልተሰማም። ፍሬንም አልለወጠውም። በዚህም ሞተሩ፣ የፊት ጎማዎቹና ፍሬኑ ከክሱ ነፃ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ንዝረቱን በእጅ ስልክ መዘገብን። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ንቅናቄን የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመዘግብ ሳይታወቅ ሊታመን አይገባም። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመዘግብ ስልክ ከ50 በላይ የሆነን ድግግሞሽ በትክክል አያሳይም፤ 83ን 17 አድርጎ ያቀርበዋል። አብሮን የነበረ ባልደረባ በእንዲህ ያለ ስልክ ሲለካ በ80 ኪሎ ሜትር 17፣ በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ 38 አነበበ። መኪናው ሲዘገይ ንዝረቱ የሚፈጥንበት ምክንያት ስለሌለ፣ ንባቡ ሐሰት መሆኑን ራሱ መሰከረ። በሰከንድ 400 ጊዜ በሚመዘግብ ሌላ ስልክ ስንለካ በ80 ኪሎ ሜትር 83፣ በ60 ኪሎ ሜትር 62 አገኘን። ሁለቱም የካርዳን ዘንጉ ዙር ሁለት እጥፍ ናቸው። ዘንጉ ባላንስ ያጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉልህ ሆኖ የሚታየው 41 በሆነ ነበር። ሁለት እጥፍ ሆኖ መገኘቱ ወደ ክሮቼራዎቹ ማዕዘን መራን።

4. የክሮቼራ ሕግ

የካርዳን መገጣጠሚያ ስሙን ያገኘው በ16ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ጣልያናዊ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ባሕርዩን ያጠናው ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። መገጣጠሚያው ሁለት ሹካዎችን በአንድ መስቀል ያያይዛል። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ ሳሉ አብረው እኩል ይዞራሉ። በመካከላቸው ማዕዘን ሲፈጠር ግን፣ የሚያዞረው ዘንግ በተስተካከለ ፍጥነት እየዞረ ሳለ የሚዞረው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። የፍጥነቱ ትንሹ ልክ የማዕዘኑ ኮሳይን፣ ትልቁ ልክ ደግሞ አንድ ለኮሳይኑ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። በ7 ዲግሪ ማዕዘን ይህ ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.75 በመቶ ያህል ነው። ቁጥሩ ጥቂት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሰከንድ 83 ጊዜ የሚመላለስ ነው።

በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ የሚደረገው አንዱ ያበላሸውን ሌላው እንዲያቃና ነው። ይህ የሚሆነው ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው። አንደኛው፣ በዘንጉ በራሱ ላይ ያሉት ሁለት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ አለባቸው፤ ተንሸራታቹ ክፍል ሲፈታ ምልክት ሳይደረግበት በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛባ ሥርዓቱ ይፈርሳል። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ማዕዘኖች እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ የቀረው ስሕተት የሚለካው የሁለቱ ማዕዘኖች ካሬ ልዩነት ስኩዌር ሩት በሆነ ማዕዘን ነው። በተለመደው የሙያ አሠራር ይህ ውጤት ከ3 ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቀድም። እኩል ቢሆኑም እንኳ የመካከለኛው ዘንግ ራሱ መፍጠንና መዘግየቱን ስለማይተው ማዕዘኖቹ ትንንሽ መሆን ይገባቸዋል። ፍጹም ዜሮ መሆንም አይበጅም፤ በክሮቼራው ውስጥ ያሉት መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች ካልተንከባለሉ በአንድ ቦታ እየተጫኑ ብረቱን ይቦረቡራሉ።

ማዕዘኖቹን የለካነው ውድ በሆነ መሣሪያ አልነበረም። ቱምቢ የተንጠለጠለበት ፕሮትራክተርና የግንበኛ ውኃ ልክ በቂ ሆኑ፤ ግማሽ ዲግሪ ለመለየት ያስችላሉ። አጥብቄ የማሳስበው ግን ልኬቱ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ መደረግ እንዳለበት ነው። በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ሲንጠለጠል ማዕዘኖቹ ሁሉ ስለሚለወጡ የሚገኘው ቁጥር ለሌላ መኪና የተለካ ያህል ነው።

ያገኘነው እንዲህ ነበር። የካምቢዮው መውጫ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፤ የካርዳን ዘንጉ 7 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፤ በመካከላቸው ያለው የፊት ማዕዘን ስለዚህ 4 ዲግሪ ነው። የዲፈረንሻሉ መግቢያ ከካምቢዮው ጋር ትይዩ ሆኖ 3 ዲግሪ ሊያዘቀዝቅ ሲገባው አግድም ሆኖ 0 ተገኘ። የኋላው ማዕዘን በዚህ ምክንያት 7 ዲግሪ ሆነ። የ49 እና የ16 ልዩነት 33 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 5.7 ዲግሪ ነው፤ ከሚፈቀደው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዲፈረንሻሉ ላይ የሚደርሰው የዙር ፍጥነት ለውጥ ከዚህ ሲሰላ 680 ራዲያን በሰከንድ ካሬ ያህል ይሆናል።

የሾፌሩ ቃልም በዚሁ ሒሳብ ተፈታ። ዕቃ ሲጫን ባሌስትራው ይረግባል፤ የዘንጉ ዝቅዝቃት ከ7 ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ማዕዘኖቹ 2 እና 5 ይሆናሉ። በካሬ ሲታይ ስሕተቱ ከ33 ወደ 21 ይቀንሳል፤ ንዝረቱም ከሲሶ በላይ ይቀልላል። «ዕቃ ሲጫን ይታገሣል» ያለው ሰው ኮሳይን ሳይጠራ እውነቱን ተናግሮ ነበር።

5. እርማቱ

ባሌስትራው ሲለወጥ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የነበሩት ሁለት የብረት ሽብልቆች አልተመለሱም ነበር። ሥራውን የሠራው ጋራዥ ምናልባት ትርፍ ብረት መስለውት ይሆናል። መቀመጫው ላይ ግን የቆዩበት አሻራ ገና ይታይ ነበር።

3 ዲግሪ ያለው ሽብልቅ በ12 ሳንቲ ሜትር ርዝመቱ የሚያሳየው የውፍረት ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን በአንድ ቶርኖ ቤት አሠራናቸው፤ ዋጋቸው ከአንድ ክሮቼራ ዋጋ ያነሰ ነበር። ሽብልቆቹ ገብተው፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች በልክ ተጠብቀው፣ ከተወሰነ ጉዞ በኋላም እንደገና ተፈትሸው፣ የኋላው ማዕዘን 4 ዲግሪ ሆነ። አሁን ጭነት ሲጨመርም ሁለቱ ማዕዘኖች አብረው ይቀንሳሉ እንጂ አይለያዩም። የትይዩነት ጥቅሙ ይህ ነው።

የኋላው ክሮቼራ ሲወጣ መስቀሉ ላይ የመርፌዎቹ ጉድጓድ በጣት ይዳሰስ ነበር፤ ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ተለወጠ፤ ግራሶም ተሰጠው። የተንሸራታቹ ክፍል ምልክቶችም ተገጣጠሙ። በፈተናው በ80 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በ83 ላይ ጎልቶ የነበረው ንዝረት ከመንገዱ ተራ ንቅናቄ የሚለይ አልሆነም።

ከእኛ ጋር የሠሩት መካኒክ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ ይህ ክሮቼራ ለምን በየአራት ወሩ ያልቅ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ስለሚያልቅ እለውጠዋለሁ፤ ለምን እንደሚያልቅ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉኝ። ፕሮትራክተሩን ከእኔ ተቀብለው ሁለተኛውን ልኬት የለኩት እርሳቸው ናቸው።

6. ስለ አደጋውና ስለ ሙያችን

ንዝረትን የምቾት ጉዳይ አድርገው የሚያዩ አሉ። ይህ ፒካፕ በየሳምንቱ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርድ ነበር፤ መንገዱ ከ1500 ሜትር በላይ የሚያዘቀዝቅ ነው። ክሮቼራ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ሲሰበር ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ በማርሽ መኪናውን መያዝ አይቻልም፤ ሸክሙ ሁሉ በሞቀ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የተሰበረው የፊቱ ከሆነ የዘንጉ ጫፍ ወርዶ መሬት ሊወጋና መኪናውን ሊያነሣው ይችላል። እንደ ቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች የእጅ ፍሬናቸው በካምቢዮው በኩል ዘንጉን በሚይዝ መኪናዎች ላይ ደግሞ ዘንጉ ሲለያይ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም የክሮቼራ ንዝረት ያለበት መኪና ምንጩ እስኪታወቅ ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛው፣ በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የተሽከርካሪ መዝገብ የሒሳብ ሹም ሰነድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕክምና ካርድ ይሁን፤ የተለወጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተለወጠበት ምክንያትና የተለካው ልክ ይጻፍበት። ሁለተኛው፣ ማንኛውም የተፈታ ክፍል፣ ሽብልቅም ይሁን ሮንዴላ፣ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት፤ ሥራው አልቆ በጠረጴዛው ላይ የቀረ ብረት ካለ ሥራው አላለቀም። ሦስተኛው፣ አባሎቻችን በዓመት ጥቂት ቀናት በየጋራዡ እየተገኙ ከመካኒኮች ጋር እንዲለኩና እንዲያሰሉ ይደረግ። በዚያ የሚገኘው ዕውቀት የአንድ ወገን አይሆንም፤ እኛ ምጥጥንና ኮሳይን ይዘን እንሄዳለን፤ ከዚያ ደግሞ በመጻሕፍት ያላገኘነውን የብረት ጠባይ ተምረን እንመለሳለን።

አሮጌ ተሽከርካሪ ሁሉ መዳን አለበት አልልም። በዝገት የተበላ ሻሲና የተሰነጠቀ አክስል ያለውን መሰናበት ይገባል። ነገር ግን ውሳኔው ከምርመራ በኋላ የሚሰጥ እንጂ ምርመራን የሚተካ መሆን የለበትም። 6 ሚሊ ሜትር ብረት በመጉደሉ ምክንያት አንድ ፒካፕ ለጨረታ ሊቀርብ፣ ብዙ ጉድጓዶችም ያለ ጠጋኝ ሊቀሩ ጥቂት ቀርቶ እንደ ነበር ማስታወስ ለውሳኔያችን ይረዳናል።